ቆጣሪው ምን ይላል? አንድ የአማርኛ ቃል መዝጋቢ ፕሮግራም በፕሮሰሰር ቆጣሪዎች ሲለካ

ሥራውና ዕቃው

የሚለካው በሲ የተጻፈ ቃል መዝጋቢ ነው። 600 ሜጋባይት የአማርኛ ጽሑፍ ያነብና ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣል፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ከዚያ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ሃሽ ቴብል (የቃሉ ቦታ ከቃሉ በሚሰላ ቁጥር፣ በሃሹ፣ የሚገኝበት ሰንጠረዥ) ላይ ይመዘግባል። ፋይሉ ወደ 41 ሚሊዮን ቃል፣ ወደ 186 ሚሊዮን ፊደል አለው። አማርኛ ከፊትም ከኋላም ቅጥያ ስለሚያበዛ የተለያዩት ቃላት ብቻ 2.6 ሚሊዮን ደርሰዋል። ቴብሉ 4,194,304 ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል 32 ባይት፣ ድምሩ 128 ሜጋባይት። 32ቱ ባይት እንዲህ ተደልድሏል፦ 8 ለሃሹ፣ 4 ለብዛቱ፣ 1 ለርዝመቱ፣ 19 ለቃሉ። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚወስድ እስከ 6 ፊደል ያለው ቃል እዚያው ይገባል፤ ከዚያ የረዘመው ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ማሽኑ አራት ኪሎ ያለው የሥራ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7040 ነው። ኢንቴል ኮር አይ7-6700፣ 4 ኮር 8 ትሬድ፣ 3.4 ጊጋኸርዝ፣ ኤል3 ካሽ 8 ሜጋባይት (ካሽ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ከራም የፈጠነ ትንሽ ማከማቻ ነው፤ ኤል1 ቅርቡና ትንሹ፣ ኤል3 ሩቁና ትልቁ)፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም። ሲስተሙ ኡቡንቱ 22.04።

ፕሮግራሙ 3 ሰከንድ እንደሚፈጅ ከሰዓት እናውቃለን። ሰዓት ግን የወሩ የመብራት ቢል ነው፤ ስንት እንደሆነ ይነግራል እንጂ ምጣዱ ይብላው ቦይለሩ አይናገርም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻው የሚቆጥሩ የሐርድዌር ቆጣሪዎች አሉ፦ ስንት ሳይክል (የክሎክ ምት) አለፈ፣ ስንት ኢንስትራክሽን (የፕሮሰሰር ትእዛዝ) አለቀ፣ ስንት ጊዜ ካሽ ውስጥ የተፈለገው ጠፋ፣ ስንት ጊዜ የብራንች (ኮዱ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚወሰንበት ቦታ) ግምት ሳተ። በዚህ ፕሮሰሰር ለእያንዳንዱ ትሬድ 3 ሥራቸው የማይቀየር ቆጣሪዎች (ኢንስትራክሽን፣ ሳይክል፣ ሬፈረንስ ሳይክል) እና 4 የፈለግነውን የምናስቆጥራቸው አሉ። የምናነባቸው ፐርፍ በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ነው።

ሳምንት 1፦ ቆጣሪው ራሱ ይቆጥራል ወይ?

የመጀመሪያው ሙከራ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ ነበር። ከሳይክል ጀምሮ ሁሉም መስመር ላይ «አይደገፍም» የሚል ብቻ ወጣ። ቨርቹዋል ማሽኑ የፕሮሰሰሩን ቆጣሪዎች ለእንግዳው ሲስተም አያሳይም፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ መለካት ያለበት ግን ከታች ባለው ሲስተም ላይ በቀጥታ ነው። ከሌሎቹ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሞች ኬቪኤም የፕሮሰሰሩን ዓይነት እንዳለ ሲያሳልፍ፣ ቪኤምዌር ደግሞ ቆጣሪዎቹን የሚያበራው ሴቲንግ ሲመረጥለት ይሠራሉ።

በቀጥታ ኡቡንቱ ላይ ስንሞክር ሁለት ነገር አስቸገረ። አንደኛ፣ ፐርፍ «ለዚህ ከርነል አልተገኘም» አለ። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ራሱን አድሶ ሊኑክስ ቱልስ የሚባለው ፓኬጅ ግን የቀድሞው ስለሆነ ነው፤ የሁለቱ ቁጥር መግጠም አለበት። ሁለተኛ፣ ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ የሚባለው የከርነል ሴቲንግ ኡቡንቱ ላይ 4 ሆኖ ይመጣል፤ ተራ ተጠቃሚ ምንም መቁጠር አይችልም። ወደ 1 አወረድነው። 1 ላይ የራስን ፕሮግራም ከከርነል ድርሻው ጋር መቁጠር ይቻላል፤ ማሽኑን በሙሉ ለመቁጠር ወይ ሩት (ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ) መሆን ወይ ወደ 0 ማውረድ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወደ መዝጋቢው አልሄድንም። መጀመሪያ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ማስቆጠር ይገባል። በሲ 1 ቢሊዮን ዙር የሚሽከረከር ባዶ ሉፕ ጽፈን በኦ2 (ኮምፓይለሩ ኮዱን በሚያፋጥንበት ደረጃ) ኮምፓይል አደረግን፤ ቆጣሪው ያሳየው ኢንስትራክሽን ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ ነበር። የተሳሳተው ቆጣሪው አይደለም። ኮምፓይለሩ ሉፑ ምንም እንደማይሠራ ስላየ ከነአካቴው ጥሎታል፤ የተቆጠረው የሲ ላይብረሪው ፕሮግራሙን የሚያስነሳበት ሥራ ነበር። ስለዚህ በአሴምብሊ ጻፍነው፦ አንድ ቅነሳ፣ አንድ ዝላይ፣ 1 ቢሊዮን ጊዜ። ሉፑ 2,000,000,000 ኢንስትራክሽን ነው፤ መግቢያና መውጫው 4 ይጨምራል።

ቆጣሪው፣ የከርነሉ ድርሻ ሳይጨመር፣ ያነበበው 2,000,000,079 ነው። ትርፉ 75 ከየት መጣ? ሉፑ አንዱን ዙር በ1 ሳይክል ይጨርሳል፤ 1 ቢሊዮን ሳይክል በ3.4 ጊጋኸርዝ 0.294 ሰከንድ ነው። የኡቡንቱ 22.04 ከርነል በሰከንድ 250 ጊዜ የሰዓት ኢንተራፕት (ሥራ ማቋረጫ) ያደርጋል፤ በ0.294 ሰከንድ 73 ወይም 74 ማለት ነው። በኤክስ86 ፕሮሰሰሮች እያንዳንዱ የሐርድዌር ኢንተራፕት የኢንስትራክሽን ቆጠራው ላይ አንድ ይጨምራል፣ የገጽ ፎልትም (ገና ያልተሰጠ የሜሞሪ ገጽ ሲነካ የሚመጣው ማቋረጥ) እንዲሁ። ሂሳቡ ገጠመ። የተሳቱ ብራንቾችም በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ፤ የሚጠበቀውም ይኸው ነው፣ 1 ቢሊዮን ጊዜ ወደ ኋላ የሚዘልን ብራንች ግምቱ የሚስተው መጨረሻ ላይ ነው። ይህቺን ሉፕ እስከ ሥራው ፍጻሜ በየቀኑ ጠዋት አስሩጠናል።

ሳምንት 1፣ ማብቂያው፦ ሙቀትና ክሎክ

ፐርፍ ከሳይክሉ ጎን ጊጋኸርዝ ይጽፋል፤ ሳይክሉን ፕሮግራሙ ኮር ላይ ለቆየበት ጊዜ አካፍሎ ነው። ለዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት የምትታይ ቁጥር እሷ ናት። ተርቦውን (ክሎኩን ከ3.4 በላይ የሚያፈጥነውን) ዘግተን 3.4 ላይ እንዲቆይ አድርገን ሳለ በ3ኛው ሩጫ 3.1፣ በ5ኛው 2.9 ወረደ። ከርነሉ ለየኮሩ የሚይዘው የሙቀት መገደቢያ ቆጠራም በየሩጫው ይጨምር ነበር።

ክዳኑ ሲከፈት የሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩ ሙቀት ማስወጫ ብረት) ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ቡላ ደርቆ ተጋግሯል፤ ፋኑ ይዞራል እንጂ አየሩ የሚያልፍበት የለም። ፕሮሰሰሩንና ብረቱን የሚያገናኘው ፔስት በጥፍር ሲነካ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በብሩሽና በንፋስ ተጠረገ፣ አሮጌው ፔስት በአልኮል ጸዳ፣ አዲስ ፔስት በ450 ብር ተገዝቶ የአተር ፍሬ ያህል ተደረገለት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ ከቆላ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ አቧራና የደረቀ ፔስት ለልኬት ይቅር የሚባሉ ጉድለቶች አይደሉም። ከጽዳቱ በኋላ 30 ሩጫ በተከታታይ 3.4 ላይ ቆመ፤ የመገደቢያው ቆጠራም አልተነቃነቀም።

ሌሎቹ ዝግጅቶች፦ ፕሮግራሙን ሲፒዩ 2 ላይ ብቻ እንዲሮጥ አሰርነው። የዚህ ኮር ሁለተኛ ትሬድ ሲፒዩ 6 ነው፤ ብሮውዘር እዚያ ከገባ ካሹንም ሥራ ማስኬጃውንም ይጋራል፤ ስለዚህ ሲፒዩ 6ን ዘጋነው። የኤንኤምአይ ዋችዶግን (ከርነሉ እንዳይቆም የሚጠብቀውን) አጠፋነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቆጣሪ ይዞ ነው የሚኖረው።

ሳምንት 2፦ የመጀመሪያው ንባብ፣ የመጀመሪያው ስህተት

10 ነገር በአንድ ጊዜ አስቆጠርን። ውጤቱ ሲታይ በየመስመሩ መጨረሻ በቅንፍ 38፣ 41፣ 39 በመቶ የሚል አለ። ብዙ ሰው ይህን ዓምድ አያየውም፤ እኛም በመጀመሪያው ቀን አለፍነው። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ቆጣሪው 4፣ የሚቆጠረው 10 ስለሆነ ከርነሉ አንዱን ቆጣሪ ከአንዱ ቤት ነቅሎ ሌላው ቤት እየተከለ ያዞረዋል። እያንዳንዱ ነገር የተቆጠረው ከጊዜው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው በሂሳብ ተባዝቶ የተገመተ ነው። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ቢሆን ግምቱ ይቀርብ ነበር። መዝጋቢው ግን መጀመሪያ ቴብሉን ያዘጋጃል፣ ከዚያ ያነባል፣ መጨረሻ ላይ ይደረድራል። በተከታታይ ሦስት ሩጫ የካሽ ስህተቱ (የተፈለገው ካሽ ውስጥ ያልተገኘበት ብዛት) 14፣ 23፣ 17 ሚሊዮን እያለ ሲዋዥቅ ነው ወደ ቅንፉ የተመለስነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አራት አራት እያደረጉ በቡድን ማስቆጠርና ፕሮግራሙን ደጋግሞ ማስሮጥ። በአንድ ቡድን የታሰሩ ነገሮች አንድ ላይ ይቆጠራሉ ወይም አንድ ላይ ይቀራሉ፤ ስለዚህ አንዱን ለሌላው ማካፈል ይቻላል። ቡድኑ ከ4 ካለፈ «አልተቆጠረም» ይላል። «አይደገፍም» እና «አልተቆጠረም» ይለያያሉ፦ የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ ወይም ከርነሉ ያንን ነገር ጭራሽ አያውቀውም ማለት ነው፣ ሁለተኛው ተራ አልደረሰውም ማለት ነው።

በየቡድኑ 10 ሩጫ፣ ፋይሉ አስቀድሞ ራም ውስጥ ገብቶ፣ ሁሉም 100 በመቶ ሲቆጠር የመጀመሪያው እውነተኛ ንባብ ወጣ፦ 3.12 ሰከንድ፤ 10.6 ቢሊዮን ሳይክል፤ 10.9 ቢሊዮን ኢንስትራክሽን፤ በሳይክል 1.03 ኢንስትራክሽን፤ 2.4 ቢሊዮን ብራንች፤ ከነዚህ ግምታቸው የሳተ 118 ሚሊዮን፤ የካሽ ስህተት 19 ሚሊዮን፣ «ከካሽ ጥያቄዎች 41 በመቶ»።

ያ 41 በመቶ ነው ገንዘብ ያስወጣን። ከራም ከሚጠየቀው ግማሽ የሚጠጋው ካሽ ውስጥ ጠፍቷል፣ ማሽኑ ደግሞ አንድ ራም ብቻ ስላለው ከራም ወደ ፕሮሰሰር ከሚወስዱት ሁለት መስመሮች አንዱ ባዶ ነው፤ እንግዲያው መንገዱ ጠብቧል ብለን መርካቶ ወርደን ያገለገለ ባለ 8 ጊጋ ራም በ4,200 ብር ገዛን። ሁለቱ ሲገቡ ጊዜው ከ3.12 ወደ 3.09 ሰከንድ ወረደ፤ ሌላ ለውጥ የለም።

ስህተቱ ሁለት ነው። 41 በመቶው የሁሉም የሜሞሪ ንባብ 41 በመቶ አይደለም። ኢንቴል ላይ ፐርፍ «የካሽ ጥያቄ» የሚለው ኤል1ንም ኤል2ንም አልፎ ኤል3 የደረሰውን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ንባብ እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ የራሙን መስመር ስፋት ልንለካው ስንችል ገመትን። ፕሮሰሰሩ የራም መቆጣጠሪያው ላይ ከኮሮቹ ውጭ ሌላ ቆጣሪ አለው፤ የተነበበውንና የተጻፈውን ሜጋባይት ይሰጣል። ይህ ቆጣሪ በግቢ ውስጥ ያለ የጋራ ቆጣሪ ነው፤ ተከራዩን ለይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚሠራው ማሽኑ በሙሉ ሲቆጠር ብቻ ነው፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ መዘጋት አለበት። አስቆጠርነው። በሰከንድ ወደ 1 ጊጋባይት። አንድ ዲዲአር4-2133 ራም ብቻውን በሰከንድ 17 ጊጋባይት ማሳለፍ ይችላል። መንገዱ ጭር ብሏል። ችግሩ ርቀቱ ነው፤ አንዱ ንባብ ራም ደርሶ እስኪመለስ ከ70 እስከ 80 ናኖሰከንድ፣ በ3.4 ጊጋኸርዝ ወደ 250 ሳይክል፣ ኮሩ ይጠብቃል። መስመር ማብዛት ያንን አያሳጥርም። ይህ ንባብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ከግዢው በፊት መሠራት ነበረበት።

ሳምንት 3፦ መብራት፣ ከዚያም ሞክሼዎቹ

ማክሰኞ ሌሊት መብራት ጠፍቶ መጣ። ጠዋት ፕሮግራሙ፣ ኮዱ ሳይነካ፣ በ2.76 ሰከንድ አለቀ። ጊጋኸርዙ 3.95 ይላል። ማሽኑ ሲነሳ ተርቦው ተመልሶ በርቷል፣ ዋችዶጉም፣ ሲፒዩ 6ም። በእጅ የተደረገ ሴቲንግ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሳይክሉም ከ10.6 ወደ 10.9 ቢሊዮን ከፍ ብሏል፤ ኮሩ ሲፈጥን ራሙ አብሮ ስለማይፈጥን ያው 75 ናኖሰከንድ በሳይክል ሲቆጠር ይበዛል። የፓራኖይዱና የዋችዶጉ ሴቲንግ ሲስሲቲኤል ዲ (ማሽኑ ሲነሳ የሚነበቡ የከርነል ሴቲንጎች) ማውጫ ውስጥ በፋይል ተቀመጡ፤ ተርቦውና ሲፒዩ 6 ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ በሚሮጥ የሲስተምዲ ሰርቪስ። ዩፒኤሱ የሚያቆየው 10 ደቂቃ ስለሆነ ለሌሊት መፍትሔ አይደለም።

አሁን ወደ 118 ሚሊዮኑ የሳቱ ብራንቾች። ፕሮሰሰሩ ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ገምቶ ይሄዳል፤ ሲስት የጀመረውን ጥሎ ይመለሳል፤ በዚህ ፕሮሰሰር አንዱ ስህተት ከ15 እስከ 20 ሳይክል ያስከፍላል። በ16 ብናሰላው ወደ 1.9 ቢሊዮን ሳይክል፣ ከጠቅላላው 18 በመቶ። 186 ሚሊዮን ፊደል ላይ 118 ሚሊዮን ስህተት ማለት በየሦስቱ ፊደል ሁለቴ ገደማ ነው።

ቦታውን ለማግኘት ፐርፍ ሪከርድ ተጠቀምን፤ ኮዱ የት እንደደረሰ በየጊዜው ናሙና ይወስዳል። በተራ ናሙና አወሳሰድ ጥፋቱ የሚለጠፈው ከእውነተኛው ኢንስትራክሽን ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፤ ኢንተራፕቱ እስኪደርስ ፕሮሰሰሩ ጥቂት ይንሸራተታል። የሃሽ ማባዣዋ ኢንስትራክሽን ላይ 20 በመቶ ተለጥፎ ግማሽ ቀን እሷን ስንመረምር ዋልን። ፕሮሰሰሩ ራሱ አድራሻውን የሚመዘግብበትን ትክክለኛ ናሙና ስንመርጥ ጥፋቱ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሄደ፦ የሞክሼ ፊደላት የ«ከሆነ» ሰንሰለት። ሐ ከሆነ፣ ኀ ከሆነ፣ ሠ ከሆነ እያለ እያንዳንዱን ፊደል በተራ ይጠይቃል። ቀጣዩ ፊደል ምን እንደሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሊገምት አይችልም።

የዩኒኮድ የኢትዮፒክ ዋና ክፍል 384 ቦታ አለው። በዩቲኤፍ-8 የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191። ሁለተኛው ላይ 136 ቀንሶ በ64 ማባዛት፣ ሦስተኛው ላይ 128 ቀንሶ መደመር፤ ከ0 እስከ 383 ያለ ቁጥር ይገኛል። በዚያ ቁጥር የሚነበብ 384 ክፍል ያለው ሰንጠረዥ ሠራን፤ አንዱ ክፍል 2 ባይት፣ ድምሩ 768 ባይት። 768 ባይት 12 የካሽ መስመር (ካሽ በአንድ ጊዜ የሚያመጣው 64 ባይት) ነው፤ 32 ኪሎባይት ካለው ኤል1 ጨርሶ አይወጣም። የፊደሉ ቤት በ8 በ8 ስለተደረደረ የሐመር ሐን ሰባት ድምፆች ወደ ሀሌታው ሀ ማምጣት ሰንጠረዡ ላይ ቀጥታ መገልበጥ ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሀና ሃ፣ አና ኣ አንድ ድምፅ መሆናቸው ነው። ይህን በመጀመሪያው እትም ረስተን «ሃገር» እና «ሀገር» ሁለት ቃል ሆነው ተመዝግበዋል፤ የቃላቱ ብዛት ከቀድሞው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ታወቀ።

ንባቡ፦ ኢንስትራክሽን ከ10.9 ወደ 7.2 ቢሊዮን፤ የሳቱ ብራንቾች ከ118 ወደ 41 ሚሊዮን፤ ሳይክል ከ10.6 ወደ 8.1 ቢሊዮን፤ ጊዜ 2.38 ሰከንድ። በሳይክል የሚያልቀው ኢንስትራክሽን ግን ከ1.03 ወደ 0.89 ወረደ። ይህን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ፕሮግራሙ ተበላሸ ይላል። የጠፉት ቀላልና ፈጣን ኢንስትራክሽኖች ናቸው፤ የቀረው ሥራ ራም ላይ የሚጠብቀው ስለሆነ አማካዩ ወረደ። ይህ ሬሾ የሚጠቅመው ኢንስትራክሽኑ ያው ሆኖ ሲቀር ብቻ ነው።

ሳምንት 4፦ ገጾች

ቴብሉ 128 ሜጋባይት ነው፤ በ4 ኪሎባይት ገጽ 32,768 ገጽ። የፕሮሰሰሩ ሁለተኛ ደረጃ ቲኤልቢ (ገጾች ራም ውስጥ የት እንዳሉ የሚያስታውሰው) የሚይዘው 1,536 አድራሻ ነው፣ የ6 ሜጋባይት ያህል። ቃሉ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ አድራሻው ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይፈለጋል። የገጽ ፍለጋው ሲቆጠር 24 ሚሊዮን ነው። በ2 ሜጋባይት ገጽ ግን ቴብሉ በሙሉ 64 ገጽ ብቻ ይሆናል።

ኡቡንቱ ትልልቅ ገጽ የሚሰጠው ፕሮግራሙ በኤምአድቫይዝ (ለከርነሉ ስለ ሜሞሪ ምክር በሚሰጥበት ጥሪ) ሲጠይቅ ነው። ጠየቅን፤ ፍለጋው 24 ሚሊዮን ላይ ቀረ። የፕሮሰሱ የሜሞሪ ዝርዝር ላይ ትልልቅ ገጽ የሚለው መስመር 0 ይላል። ምክንያቱ ቅደም ተከተል ነው፦ ቴብሉ መጀመሪያ በዜሮ ተሞልቶ ከዚያ ነበር የተጠየቀው፤ ሲሞላ በ4 ኪሎባይት ገጾች ተሰጥቷል። ከርነሉ ኋላ ላይ ሰብስቦ ያዋህዳቸዋል፣ ግን ቀስ ብሎ፤ ፕሮግራማችን በ2 ሰከንድ ያልቃል። መነሻውን በ2 ሜጋባይት አስተካክለን፣ ከመነካቱ በፊት ጠየቅን። ፍለጋው ከ24 ወደ 1.1 ሚሊዮን፣ ሳይክል ወደ 7.1 ቢሊዮን፣ ጊዜ ወደ 2.09 ሰከንድ ወረደ። የተረፈው ረዣዥም ቃላት ከሚቀመጡበት ነው።

ሳምንት 5፦ ያው የካሽ ስህተት፣ ያነሰ ጊዜ

19 ሚሊዮኑ የካሽ ስህተት አልተነካም። ኤል3 የሳተ ንባብ ሲጠበቅ ኮሩ ጨርሶ የቆመባቸውን ሳይክሎች የሚቆጥር ሌላ ነገር አለ፤ 3.4 ቢሊዮን ይላል፣ ግማሽ የሚጠጋ። ስለዚህ ቃሉን አንድ በአንድ መፈለግ ትተን በስብስብ አደረግነው፦ መጀመሪያ የሁሉንም ሃሽ ማስላት፣ ለእያንዳንዱ «ይህን አምጣ» የሚል የፕሪፌች ኢንስትራክሽን መላክ፣ ከዚያ ተመልሶ መፈለግ። በ4 ቃል ስብስብ ለውጡ ትንሽ ነበር፤ በ16 ትልቅ፤ በ64 ከ16ቱ የተሻለ አልሆነም፤ ኮሩ በአንድ ጊዜ ከኤል1 ውጭ ሊጠብቃቸው የሚችላቸው መስመሮች ውስን ስለሆኑ ከዚያ በላይ መላክ ወረፋ ማስረዘም ነው።

በ16፦ የካሽ ስህተት 19 ሚሊዮን፣ እንደነበረ። የቆመባቸው ሳይክሎች ግን ከ3.4 ወደ 1.3 ቢሊዮን። ጠቅላላ 5.0 ቢሊዮን ሳይክል፣ 7.5 ቢሊዮን ኢንስትራክሽን፣ 1.47 ሰከንድ። ስህተቱ አልቀነሰም፤ መጠበቁ ተደራረበ። የካሽ ስህተትን በ250 ሳይክል አባዝቶ «ይህን ያህል ጠፋ» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ማባዣው እንደ ኮዱ አቀማመጥ ይለዋወጣል።

ሳምንት 6፦ አራት ኮር

ፋይሉን ለ4 ከፍለን፣ ለየትሬዱ የራሱን ቴብል ሰጥተን፣ መጨረሻ ላይ አዋሃድን። ሲፒዩ 6 ተዘግቶ እንደቀረ ነው፤ ትሬዶቹ በየኮሩ አንዳንድ ታስረዋል። ከ1.47 ወደ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይወርዳል ሲባል 0.93 ላይ ቆመ። ኢንስትራክሽኑ አልጨመረም፣ ሳይክሉ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። የጋራው የራም ቆጣሪ ዝቅተኛ ነው፤ መንገዱ አሁንም አልሞላም። ፐርፍ ሲቱሲ አንዱ ኮር ያሻሻለውን የካሽ መስመር ሌላው ኮር የሚጠይቅበትን ይዘረዝራል፤ አንዲት መስመር ዝርዝሩን ሞልታዋለች። የየትሬዱ የፊደልና የቃል ድምር የሚያዝባት ነች፦ 16 ባይት በ4 ትሬድ፣ ልክ 64 ባይት፣ አንድ የካሽ መስመር። እያንዳንዱ ትሬድ የሚነካው የራሱን 16 ባይት ብቻ ቢሆንም መስመሩ አንድ ስለሆነ ፊደል በተቆጠረ ቁጥር ከኮር ወደ ኮር ይመላለሳል። የየትሬዱን ድምር በ128 ባይት አራራቅነው፤ 64 ይበቃ ነበር፣ ግን ኤል2 ጎረቤት መስመሩን ጭምር የሚያመጣ ፕሪፌቸር ስላለው ጥንድ መስመር መተው ይሻላል። 0.44 ሰከንድ። የጋራው ቆጣሪ በሰከንድ ወደ 7 ጊጋባይት ይላል፤ ለአንድ ራም እንኳ በቂ ቦታ ነበር።

ሳምንት 7፦ ሌላ ማሽን

ያንኑ ባይነሪ (ኮምፓይል የሆነውን ፕሮግራም)፣ ባለ አንድ ትሬዱን እትም፣ ኤኤምዲ ራይዘን 5 3600 ላይ አስሮጥነው። ኢንስትራክሽኑ ያው 7.5 ቢሊዮን፤ ይህ መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ ፕሮግራሙ ሌላ መንገድ ሄዷል። የካሽ ስህተቱ ግን ወደ 60 ሚሊዮን ዘለለ። ማሽኑ ከፍቶ አይደለም፤ ፐርፍ በዚያው ስም ዜን (የራይዘኑ የኮር ዓይነት) ላይ የሚያስቆጥረው ኤል2 የሳተውን ነው፣ ኢንቴል ላይ ኤል3 የሳተውን። አንድ ስም፣ ሁለት ነገር። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሠንጠረዥ ሠርተን ነበር፤ ሰረዝነው። እዚያ 6 ቆጣሪ አለ፣ ሥራው የማይቀየር የለም፣ ሳይክልና ኢንስትራክሽንም ከ6ቱ ላይ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ቡድኖቹ እንደ አዲስ ተደራጁ።

የልኬት ስክሪፕቱ አሁን በየውጤቱ ፋይል ራስ ላይ የፕሮሰሰሩን ሞዴል፣ የከርነሉን ቁጥር፣ የተርቦውን ሁኔታና የሙቀት መገደቢያውን ቆጠራ ይጽፋል። ከሩጫው በፊት የአሴምብሊ ሉፑን ያስሮጣል፤ ኢንስትራክሽኑ ከ2 ቢሊዮን ከ200 በላይ ከራቀ ይቆማል። ጊጋኸርዙ ከ3.38 በታች የወረደ ወይም በቅንፍ ያለው ከ100 በመቶ ያነሰ መስመር ውጤቱ ውስጥ አይገባም።